ታቢታ የተኛችበት ሳምንት

በሰፈራችን ውሃ የማይጠጣ ሰው ስላልነበረ ታቢታን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የቦኖው ቁልፍ በእሷ እጅ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሐዋሳንም ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ሐይቁ ከደጃችን ብዙ አይርቅም፤ ግን ውሃው ለልብስ ካልሆነ ለመጠጥ አይሆንም። ለድስቱም ለሊጡም ለሕፃኑ አፍም የሚሆነው ውሃ የሚገኘው በቆርቆሮ ሳጥን ተሸፍና ከምትቆለፍ ከአንዲት ቧንቧ ነበር። ጎህ ሲቀድ ታቢታ ትከፍታታለች፣ ረፋድ ላይ ትቆልፋታለች፣ ወደ ማታ ደግሞ መጥታ ትከፍታለች።

የተወለደችው ወደ ቡሹሎ ነው፤ ሲዳማ ናት። ባሏ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። እሱ ሲሞት ልጃቸው ማቴዎስ ገና በጀርባዋ የሚታዘል ነበር። ሌላ አላገባችም፤ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። ቀበሌው ቦኖውን ሲያሠራ ቁልፉን የሰጣት ሹም ስለምታውቅ አይደለም። ሁልጊዜ ከሰው ቀድማ ስለምትገኝ፣ ተሰልፋም ስለማትጣላ ነው። አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነበር። ቃል ትቆጥባለች፤ የተናገረችው ግን አይረሳም። እኔና እሷ በመሠረተ ትምህርት ባንድ አግዳሚ ተቀምጠን ፊደል ቆጥረናል። እኔ የመጀመሪያዋን የልጅ ልጄን ታቅፌ፣ እሷ ሳሙና ያሻከረውን እጇን በነጠላዋ ሸፍና።

ቦኖ ላይ ሰው ራሱ አይሰለፍም። ጀሪካኑን ወይ እንስራውን አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ዕቃው የተያዘበት ደግሞ ድንጋይ ያስቀምጥና ይሄዳል። ታቢታ የእያንዳንዱን ቤት ድንጋይ ለይታ ታውቃለች። አንድ ቀን ደብሪቱ፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤታችን፣ ከሙህዲን እናት ጋር ተያያዘች።

«ይህ የኔ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይሽ ትናንት ትንሽ ነበር፤ ሌሊቱን አደገ?»

ታቢታ ጎንበስ ብላ አየችውና «ይሄ የማንም አይደለም። ጋሪ ፈንቅሎት የመጣ ነው፤ የሁለታችሁም ከሥሩ አለ» አለች። አንስታ አሳየቻቸው። አራስ ላለችበት፣ በሽተኛ ላለበትና ለቅሶ ላለበት ቤት ቅድሚያ ትሰጣለች፤ ይህን ስታደርግ ደግሞ ማንም አያጉረመርምባትም። የሰፈሩን ወሬ፣ የታመመውን፣ የተጣላውን፣ ወታደር የሄደውን ሁሉ የምትሰማው እዚያው ነበር። ቦኖው ሥራዋም ዘመዷም ነበር ማለት እችላለሁ።

ማቴዎስ አድጎ መሃል ከተማ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አናጢ ሆነ። ዝምተኛ ነው፤ ዝምታው ከእናቱ የወረሰው ነው። ሥራ ከያዘ ጀምሮ አንድ ነገር ያስጨንቀው ነበር፤ እናቱን ማመስገን። በእነሱ ቤት፣ እውነቱን ለመናገር በሁላችንም ቤት፣ ልጅ እናቱን በአፉ አያመሰግንም። እንግዳ ይመሰገናል፣ ባለውለታ ይመሰገናል። እናት ግን እንደ አየር ናት፤ አየርን ማን ያመሰግናል?

ስለዚህ በእጁ ሞከረ። ማታ ሲመጣ ለእሳት ማቀጣጠያ የእንጨት ፍቅፋቂ በከረጢት ያመጣላታል። እጇን ወደ ላይ ስትዘረጋ ትከሻዋን እንደሚያማት አይቶ መደርደሪያውን ዝቅ አደረገላት። ለልብስ ማጠቢያው ከወገቧ ልክ የሚሆን አግዳሚ ሠራላት። በርጩማዋ ቀሚሷን እንዳይዝባት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰላት። እነዚህን ወደደችለት። ገዝቶ ያመጣው ነገር ግን አልበረከተለትም። ሻሹን ቡሹሎ ላለችው ለወንድሟ ሚስት ሰጠች። ጫማውን ደግሞ ለምታገባ የጎረቤት ልጅ።

አንድ ቀን ከደጄ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ «እማማ ሙሉ፣ ለእናቴ የምሰጣት ዕቃ እኛ ቤት አያድርም።»

«እሷ ዘንድ ዕቃ መንገደኛ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ያልፋል» አልኩት።

ሳቀና «ለሌላ ሰው ልትሰጠው የማትችለው ነገር መፈለግ አለብኝ» አለ።

ያ ነገር እንቅልፍ ሆኖ ተገኘ። ታቢታ ካገባች ጀምሮ ፀሐይ ወጥታ ተኝታ ያገኘቻት ቀን የለም። ማቴዎስ አንድ ማለዳ ቀድሟት ተነሣና ቁልፉን ከምስማሩ አንሥቶ፣ በሩን ቀስ ብሎ ገርበብ አድርጎ ወጣ። ስትነቃ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ «ፀሐይ ቤቴ ገብታ ተቀምጣ አገኘኋት።» ነጠላዋን አጣፍታ እየሮጠች ስትመጣ እኔ ጀሪካኔን ይዤ እየተመለስኩ ነበር። ልጇም ከኋላዬ ጀሪካን ተሸክሞ ይመጣል።

«ቁልፌን ምን አደረግኸው?»

«ይኸው። ከፍቼ፣ ሰው ቀድቶ፣ ቆልፌ መጣሁ።» እናቱን በቋንቋቸው «አማ» ነው የሚላት፤ «አማ፣ ይህችን ሳምንት ብቻ ተኚ» አላት። «ሥራ ሳልገባ እደርሳለሁ፤ የማታውንም ከሥራ መልስ እኔው እከፍታለሁ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ልጇ ረዳት ይላላ።»

ጀሪካኑን ልትቀበለው እጀታውን ያዘች፤ እሱም አልለቀቀም። አንድ ጀሪካን ለሁለት ይዘው፣ ውሃውን እያፈሰሱ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ይህችን ሳምንት ብቻ» ስትል ሰማኋት።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ቦኖ ላይ ውሃ ሲቀዳ ከታየ ወይ እናቱ አልጋ ይዛለች፣ ወይ ሞታለች። ሦስተኛ ምክንያት የለም። ደርግ ስለ ሴቶች እኩልነት በየስብሰባው ቢያስተምረንም ቦኖው ድረስ አልዘለቀም ነበር። ማቴዎስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። አናጢ ነውና ሐሳቡ ሁሉ እጁ ላይ ነበር፤ ስለ ሰው ወሬ አላሰበም።

በማግስቱ ደብሪቱ ጀመረችው።

«ማቴዎስ፣ ቀሚሱ ብቻ ነው የቀረህ።»

«እትዬ ደብሪቱ ያውሱኝ እንጂ፤ ርዝመታችን አንድ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ደብሪቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናትህስ?» አለች።

«ደህና ናት።»

«ደህና ከሆነች ለምን አልመጣችም?»

እናቴ እንድትተኛልኝ ብዬ ነው ማለት ነበረበት። አፈረ። ያን ሁሉ ሴት ፊት ለፊቱ አድርጎ ስለ እናቱ እንቅልፍ ማውራት ከበደውና «እንዲያው ነው» ብሎ ወደ ቧንቧው ዞረ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ነገሩን ላስረዳ ብሞክር «አንቺማ ጓደኛዋ ነሽ፤ ትሸፍኚላታለሽ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ጥየቃው ጀመረ። ደብሪቱ አጥሚት በጣሳ ይዛ መጣች። የሙህዲን እናት ቴምር አመጣች። ታቢታ ልብስ ታጥብ ስለነበር እጇን እያደራረቀች ተቀበለቻቸው፤ እነሱ ደግሞ በዚህ ሁኔታዋ መሥራቷን አይተው የባሰ አዘኑ።

«ደህና ነኝ» ትላለች።

«አይዞሽ፤ እንደሱ ነው የሚባለው» ይሏታል።

«ምንም አላመመኝም።»

«የማያም ነው ክፉው።»

ስትክድ ይበልጥ አመኗት፤ ምክንያቱም ታሜያለሁ ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ባል የሞተባት ዕለት እንኳ «ደህና ነኝ» እንዳለች ሰፈሩ ያስታውሳል። ወደ ማታ ደግሞ አብረዋት የሚያመልኩ ወንድሞች መጥተው ዙሪያዋን ከበው ጸለዩላት። እጃቸውን ጭነው ሲጨርሱ «ምነው ዝም አልሻቸው?» ብላት «ለጸሎት እምቢ አይባልም» አለችኝ። አጥሚቱንም ጠጣችው። ማቴዎስ ጥግ ላይ ቆሞ የሚገባበት አጥቶ ነበር።

«ነገ አንቺው ክፈቺ፤ ይቅርብን» አላት።

«ሳምንት ብለሃል ሳምንት ይሁን» አለችው። አሁን ሳስበው፣ ከአፏ ባታወጣውም እንቅልፉ ሳይጥማት አልቀረም።

ቅዳሜ ማታ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደአማኑኤል መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለማሰብ ግን ይቸኩሉ ነበር። ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አስጠቅልለው ይዘዋል፤ ያኔ ስኳር እንደ ልብ አይገኝም። ከኋላቸው ከሴቶች ማኅበር ጽጌሬዳ አለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«ጓዲት ታቢታ፣ ቀበሌው ያስብልሻል» አሉ። «ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ እስኪሻልሽ ድረስ ቁልፉን ጽጌሬዳ እንድትይዝ ወስኗል። ብዙ ደክመሻል፤ አሁን ተኝተሽ ታከሚ።»

ታቢታ ስኳሩን አየችው፣ ቁልፉን አየችው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እናቴ አልታመመችም» ብሎ ማቴዎስ ሊናገር ሲል በእጇ አስቆመችው። ቁልፉን ከምስማሩ አውርዳ ለጽጌሬዳ ሰጠቻት። ስኳሩንም ተቀበለች። በእሷ ወግ እንግዳ ያመጣውን መመለስ ነውር ነው። እንግዶቹ ሲወጡ እስከ በር ሸኘቻቸው።

ሰኞ ጠዋት እንደ ማንኛውም ሰው ጀሪካኗን ይዛ ቦኖ መጣች። ሰልፉን ስታይ ወደ ኋላ ሄዳ ጀሪካኗን መጨረሻ ላይ አስቀመጠች። ሴቶቹ ግን ዕቃቸውን ወዲያና ወዲህ አድርገው መንገድ ከፈቱላት።

«እትዬ ታቢታ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት። በሽተኛ አይሰለፍም።»

ያን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት። ለስንቱ ደካማ መንገድ ስታስከፍት ኖራ አሁን መንገዱ ለእሷ ተከፈተ። እንዳልሰማች ሆና ከኋላ ቆመች። ተራዋ እስኪደርስ አንድም ሴት ወሬ አላወራቻትም፤ ጤንነቷን ብቻ እየጠየቁ በሹክሹክታ ነው የሚያነጋግሯት። ከፊት ደግሞ ጽጌሬዳ ድንጋዮቹን መለየት ተስኗት ጠቡ ተጋግሏል። ታቢታ የትኛው የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን አልተናገረችም። ቀድታ ስትመለስ አብሬያት ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጀሪካኑን አስቀመጠችና «ሙሉ፣ እኔ እንዲህ ባለ ሰልፍ ውስጥ አልኖርም» አለችኝ። ፊቷን ሳየው፣ ይህች ሴት ቁልፉ ካልተመለሰላት እውነትም ልትታመም ነው ብዬ ፈራሁ።

ማቴዎስም ይህንኑ ሳያይ አልቀረም። ከሥራው አስፈቅዶ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደ። የሆነውን ኋላ ነግሮኛል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እናቴ ጤነኛ ናት።»

«ታዲያ አንተ ለምን ቀዳህ?»

ይህን ጊዜም አፈረ። «ከሐኪም ቤት ወረቀት ላምጣ?» አለ።

«ሐኪም ቤት ለጤነኛ ወረቀት አይጽፍም። ደግሞ በስብሰባ የተወሰነ በስብሰባ ነው የሚነሣው። እሁድ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ፤ እዚያ ተናገር።»

«ሕዝብ ፊት?»

«ሕዝብ ፊት። አፍ የለህም እንዴ?»

ያን ሳምንት ማቴዎስ እህል አልበላ አለ። እናቱ ምን ሆንክ ስትለው «ደህና ነኝ» ይላታል፤ እንደ እሷው።

እሁድ በአዳራሹ ተሰበሰብን፤ መቅረት አይቻልም ነበር። ታቢታ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ ጽዳት ተነገረ፣ ስለ ጥበቃ ተራ ተነገረ። ከዚያ እንደ ደንቡ ሊቀመንበሩ «ሂስና ግለ ሂስ ያለው» አሉ። በዚያ ዘመን ሰው እየተነሣ ራሱን ይወቅስ ነበር። አብዛኛው ለአፉ ያህል «ስብሰባ አርፍጃለሁ» ብሎ ይቀመጣል።

ማቴዎስ ተነሣ። እጆቹ የሚይዙት አጥተው የአግዳሚውን ጠርዝ ይደባብሱ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ግለ ሂስ አለኝ።»

«ቀጥል።»

«ጥፋቴ እናቴን ማስተኛቴ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ።

«እናቴ አልታመመችም» አለ ማቴዎስ። «እኔ ልጅ ሆኜ በጀርባዋ አዝላኝ ልብስ ታጥብ ነበር። ስነቃ ሁልጊዜ ቆማ ነው የማያት፤ ስተኛም ቆማ ነው። ተኝታ አይቻት አላውቅም። ደመወዝ ሳገኝ የገዛሁላትን ሁሉ ለሰው ሰጠችብኝ። እንቅልፍ ብሰጣት ለማንም አትሰጠውም ብዬ ቁልፉን ወሰድኩ። እትዬ ደብሪቱ ሲጠይቁኝ እውነቱን መናገር አፈርኩ። ዝም ብዬ የእናቴን ስም በሽተኛ አሰኘሁ፤ ቁልፏንም አስወሰድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቅጣቱን እሷ እየተቀበለች ነው።»

ወደ እኛ ዞረ። «በመጀመሪያም በአፌ ብለው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አማ፣ አመሰግንሻለሁ።»

ተቀመጠ። ታቢታ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው፤ ከዓይኗ በቀር የሚታይ የላትም።

ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ይህ ግለ ሂስ ነው ወይስ ምስጋና? ጸሐፊው ምን ብሎ ይመዝግበው?»

ደብሪቱ ከኋላ «ሁለቱንም ይመዝግቡት፤ ወረቀት አይጎድልም» አለች። ቀጥላም «እኔም ግለ ሂስ አለኝ። ጤነኛ ሴት አጥሚት አጠጥቻለሁ» አለች።

ሳቁ ሲያባራ ሊቀመንበሩ «እትዬ ታቢታ» አሉ፤ ጓዲት ማለቱን ረስተውት። «እውነት ጤነኛ ነሽ?»

ተነሣች። «ጤነኛ ነኝ። አጥሚቱ ጥሩ ነበር።»

«እንግዲያስ ቁልፉ ይመለስላት የሚል?»

የሴቶቹ እጅ ሁሉ ወጣ። ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የጽጌሬዳ ነበር። ቁልፉን ከመቀነቷ ስትፈታ እጇ ይቸኩል ነበር፤ «እትዬ ታቢታ፣ እነዚያ ድንጋዮች ሊገድሉኝ ነበር» አለቻት።

ታቢታ ቁልፉን ተቀብላ አልተቀመጠችም። በመዳፏ ያዝ አድርጋ ትንሽ አሰበች።

«ጽጌሬዳ፣ እሁድ እሁድ ጠዋት አንቺ ክፈቺልኝ» አለች። «ድንጋዮቹን አሳይሻለሁ። እንቅልፉን ቀምሼዋለሁ፤ በሳምንት አንዷን ቀን አልተዋትም።»

ሊቀመንበሩ ይህ አጀንዳ ላይ የለም አሉ። የሰማቸው ግን አልነበረም።

በተከታዩ እሁድ ማለዳ ወደ ቦኖ ስሄድ በታቢታ ደጅ አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ማቴዎስ ደረጃው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ጋሪ በመጣ ቁጥር ባለ ጋሪውን በእጁ ቀስ በል ይለዋል።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ተኝታለች» አለኝ። «እማማ ሙሉ፣ እባክዎ ቦኖ ላይ ይንገሩልኝ፤ ዛሬም ሰው አጥሚት ይዞ እንዳይመጣ።»

«ራስህ አትነግራቸውም? አፍ አውጥተህ የለ።»

ሳቀ። ብርድ ልብሱን ትቶ ተነሣና አብሮኝ መጣ። ሴቶቹ መሐል ቆመና ድምፁን ሳይደብቅ «እናቴ ተኝታለች። ጤነኛ ናት። እኔ ነኝ ተኚ ያልኳት» አላቸው።

ደብሪቱ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ ሰማችውና ወደ ራሷ ልጆች ቤት አቅጣጫ ዞር ብላ አየች። «እንዲህ ያለውን በሽታ ለእኔም ይስጠኝ» አለች፤ ሴቶቹም አሜን አሉ።